«ዛው» የአክብሮት ቃል አልነበረም፦ የድሮ እንግሊዝኛ ቃላትና የተዋጡ ድምፆች ከየት መጡ?

የንጉሥ ጄምስ ትርጉም እየተባለ የሚጠራው የ1611 እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከብሪታንያ ውጭ የቅጂ መብት ስለማይይዘው ከስልክ መተግበሪያዎች አይጠፋም። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ አማርኛ ተናጋሪም ከድሮው እንግሊዝኛ ጋር ብዙ ጊዜ የሚተዋወቀው እዚያ ላይ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ በር ተከፍቷል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «በጥንታዊ እንግሊዝኛ ጻፍልኝ» ብሎ ማዘዝ ተለምዷል። ለሠርግ ጥሪ፣ ለመዝሙር ግጥም፣ ለቪዲዮ ርእስ ተብሎ የሚወጣው ጽሑፍ ከሩቅ ያምራል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ግሡ ከባለቤቱ አይስማማም፣ ለብዙ ሰው የሚባለው ተውላጠ ስም ለአንድ ሰው ይነገራል፣ አፖስትሮፉም (ከፊደላት መካከል ከፍ ብላ የምትጻፈው ትንሿ ጭረት) ያለ ቦታው ይገባል። ስሕተቱ የሚመነጨው እነዚህን ቃላት እንደ ጌጥ ከማየት ነው። በዘመናቸው ገበያ ላይ የሚነገሩ፣ ልጅ የሚገሠጽባቸው ተራ ቃላት ነበሩ፤ ጥብቅ ሕግም ነበራቸው። ሕጋቸውን ለማወቅ ደግሞ ብዙ አይከብድም።

ከመግባታችን በፊት ስለ አጻጻፋችን አንድ ነገር። እንግሊዝኛ «ቲ» እና «ኤች» ደርቦ የሚጽፋቸው ድምፆች በፊደላችን የሉም። ጉሮሮ የሚርገበገብበትን በ«ዝ»፣ የማይርገበገብበትን በ«ት» ጽፈነዋል። ዘመኑም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ስሙ ይስተካከል። የ1611ዱን መጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ «ኦልድ ኢንግሊሽ» ማለት ስሕተት ነው። በዘርፉ ሰዎች ዘንድ በዚህ ስም የሚጠራው ከ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1100 ገደማ የተነገረው፣ ከአህጉረ አውሮፓ መጥተው እንግሊዝ የሰፈሩት የአንግሎ ሳክሶን ነገዶች ቋንቋ ነው፤ የዛሬ እንግሊዛዊ ሳይማረው አንድ ገጽ እንኳ ሊያነብለት አይችልም። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ፣ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆኖ በቆየበት ጊዜ የነበረው እንግሊዝኛ፣ እስከ 1500 ገደማ ድረስ፣ መካከለኛው ይባላል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ የ1611ዱን ጨምሮ፣ ቀደምት ዘመናዊ እንግሊዝኛ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያዝ ሰው «ጥንታዊ» ከማለት ይልቅ «በ1600ዎቹ መጀመሪያ በነበረው እንግሊዝኛ» ቢል ትእዛዙ የተሻለ ይገባለታል።

አንተ፣ እናንተ፣ አንቱ

የድሮው እንግሊዝኛ አንድን ሰውና ብዙ ሰዎችን ለይቶ ይጠራ ነበር። ለአንድ ሰው፦ ባለቤት ሲሆን «ዛው»፣ ተሳቢ ሲሆን «ዚ»፣ አገናዛቢ ሲሆን «ዛይ»። ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ከጀመረ ወይም አገናዛቢው ብቻውን ከቆመ «ዛይ» ወደ «ዛይን» ይለወጣል። ለብዙ ሰዎች፦ ባለቤት ሲሆን «ዪ»፣ ተሳቢ ሲሆን «ዩ»። የዛሬው «ዩ» የድሮው ተሳቢ ነው፤ የሌሎቹን ሁሉ ቦታ ወርሶ ለብቻው ቀረ። ጾታን ግን እንግሊዝኛ በዚህ መደብ ለይቶ አያውቅም። «ዛው» አንተም አንቺም ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ዐውዱን ያየ ሰው ብቻ ነው።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይኛ ልማድ ተጽዕኖ አንድን ትልቅ ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ተጀመረ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ለአንድ ሽማግሌ «መጡ፣ ተቀመጡ» እያልን ግሡን በብዙ ቁጥር እናከብረዋለን። እንግሊዞቹም ለጌታ፣ ለዳኛ፣ ለአባት «ዩ» አሉ፤ «ዛው» ለልጅ፣ ለአሽከር፣ ለቅርብ ወዳጅ ቀረ። ከዚህ የተነሣ «ዛው» በባዕድ ሰው ላይ ሲነገር ስድብ ሆነ። በ1603 በዊንቸስተር ሰር ዋልተር ራሌይ በአገር ክህደት ሲከሰስ፣ ዐቃቤ ሕጉ ሰር ኤድዋርድ ኮክ በችሎት ፊት «ዛው» እያለ ዘለፈው፤ ይባስ ብሎም ቃሉን ራሱን ግስ አድርጎ «አንተ እልሃለሁ፣ አንተ ከሃዲ» የሚል መልእክት ያለው ዓረፍተ ነገር ወረወረበት። «አንተ ማለት» በኛም ቋንቋ አንድን ሰው ዝቅ ማድረጊያ ስለሆነ የችሎቱ ስሜት ሳይተረጎምልን ይገባናል።

እንግዲህ በጸሎት ውስጥ እግዚአብሔር «ዛው» መባሉ ከአክብሮት የመጣ ነው የሚለው በሰፊው የተለመደ እምነት መሠረት የለውም። በአማርኛ ጸሎት «አቤቱ አንተ» እንደምንለው ያለ ነው። የአክብሮት ሽታ የተጨመረበት ቃሉ ከ1700 ገደማ በኋላ ከለንደንና ከደቡቡ የዕለት ንግግር ጠፍቶ በቤተ ክርስቲያን ብቻ በመሰማቱ ነው። የ1611ዱ ተርጓሚዎች አዲስ ኪዳንን በ1526 በእንግሊዝኛ ያሳተመውን የዊልያም ቲንዴልን ፈለግ ተከትለው ለአንድ ሰው ሁሉ «ዛው» ብለዋል፤ ለፈርዖንም፣ ለሰይጣንም፣ ለአገልጋይም። የመረጡበት ምክንያት ማዕርግ አልነበረም። ዕብራይስጡና ግሪኩ ነጠላና ብዙ ስለሚለዩ፣ ልዩነቱን በእንግሊዝኛ ለማስቀረት ሌላ መንገድ አልነበረም።

ይህ ልዩነት ሲጠፋ ምን እንደሚጎድል ሉቃስ 22፥31 እና 32 ላይ ይታያል። ኢየሱስ ስምዖንን ጠርቶ ሰይጣን «እንደ ስንዴ ሊያበጥራችሁ» ለመነ ይለዋል፤ ወዲያው «እኔ ግን እምነትህ እንዳይጠፋ ስለ አንተ አማለድሁ» ይላል። በመጀመሪያው ቁጥር የሚበጠሩት ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ ናቸው፤ በሁለተኛው የሚጸለየው ስለ ስምዖን ለብቻው ነው። የ1611ዱ እንግሊዝኛ «ዩ» ካለ በኋላ ወደ «ዚ» በመዞር ይህን በትክክል ያሳያል። በብዙ ዘመናዊ እንግሊዝኛ ትርጉሞች ሁለቱም «ዩ» ስለሚሆኑ አንባቢው በግርጌ ማስታወሻ ካልተነገረው ሰይጣን ስምዖንን ብቻ የፈለገ ይመስለዋል። ዮሐንስ 3፥7ም እንዲሁ ነው፤ «ስላልሁህ» ለኒቆዲሞስ ሲሆን «ልትወለዱ ያስፈልጋችኋል» ለሁሉም ነው። አማርኛው ሳይቸገር የያዘው ነገር ነውና፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው «ዩ» ባየ ቁጥር የ1611ዱን ከጎኑ ቢያስቀምጥ ከብዙ ስሕተት ይድናል። በማሽን ትርጉም ላይ ለሚመካ ሰውማ እነዚህ ሁለት ጥቅሶች ጥሩ ፈተና ናቸው።

«ዪ» የሚባል ሌላ ቃልም አለ፤ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። በመጠጥ ቤትና በሱቅ ሰሌዳ ላይ «ዪ ኦልድ» እየተባለ የሚነበበው «ዪ»፣ ተራው «ዘ» ነው። የድሮ እንግሊዝኛ ለ«ቲኤች» ድምፅ «ቶርን» የሚባል የራሱ ፊደል ነበረው። በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ በእጅ ጽሕፈት ቶርንና «ዋይ» መመሳሰል ጀመሩ፤ ማተሚያው ሲመጣ ደግሞ ከአህጉረ አውሮፓ የገባው የፊደል ብረት ቶርን ስላልነበረው አታሚዎች «ዋይ»ን ተኩበት። ሲያነቡት ግን «ዘ» ይሉት ነበር። «ዪ» ብሎ ማንበብ የኋላ ዘመን ፈጠራ ነው።

ግሡ የት ላይ ይሰበራል

ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ሰውም አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ ሕጉ ግን አጭር ነው። «ዛው» ሲሆን ግሡ መጨረሻ ላይ «ኤስት» ይጨምራል፦ «ዛው ላቨስት»፣ «ዛው ጎኤስት»። ያፈነገጡትን በቃል መያዝ ነው፦ «አርት»፣ «ሃስት»፣ «ደስት»፣ «ዊልት»፣ «ሻልት»፣ «ካንስት»። «ኤት» የሚጨመረው ለእሱ፣ ለእሷ ወይም ለነገር ብቻ ነው፦ «ሂ ላቨት»፣ «ሺ ሃት»፣ «ኢት ዳት»። ለእኔ፣ ለእኛ፣ ለእናንተ፣ ለእነርሱ ግሡ ባዶውን ይቆማል። በትእዛዝ ጊዜም ምንም አይጨመርም። ስለዚህ «ዛው ሃት»፣ «አይ ጎኤት»፣ «ዜይ ዳት» የሚሉት በየቪዲዮው የምናያቸው ሐረጎች የ1611ዱ እንግሊዝኛ ሕግ የማይፈቅዳቸው ናቸው። «አንተ ሄደች» እንደማለት ናቸው።

ታዲያ ዛሬ በ«ኤት» ፈንታ የሚጨመረው «ኤስ» ከየት መጣ? ከሰሜን። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ የሊንዲስፋርን ወንጌላት በሚባለው የላቲን የብራና መጽሐፍ መስመሮች መካከል በተጻፈው የእንግሊዝኛ ትርጓሜ ላይ የ«ኤስ» መጨረሻ ይገኛል። ወደ ደቡብ እየወረደ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለንደን ውስጥ ሁለቱም አብረው ይነገሩ ነበር። በመጨረሻ የጠፉት አዘውትረው የሚነገሩት «ሃት» እና «ዳት» ናቸው። በ1643 የወጣ የሪቻርድ ሆጅስ የአጻጻፍ መማሪያ ደግሞ ሰዎች «ኤት» ብለው ጽፈው «ኤስ» ብለው እንደሚያነቡት ይመሰክራል። የጽሕፈት ልማድ ከአንደበት በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል ማለት ነው።

የሚያሳስቱት የምናውቃቸው ቃላት ናቸው

«ዛው» ወይም «ዊዘር» የሚል ያየ አንባቢ መዝገበ ቃላት ይከፍታል። አደጋው ያለው መዝገበ ቃላት የማያስከፍተው ቃል ላይ ነው። «ሌት» ዛሬ መፍቀድ ነው። 2 ተሰሎንቄ 2፥7 ላይ ግን አማርኛው «የሚከለክል» የሚለውን የ1611ዱ በ«ሌት» ተርጉሞታል። ይህ የትርጉም ስሕተት አይደለም። በአንግሎ ሳክሶኖች ዘመን ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩ፦ «ለታን» መተው፣ መፍቀድ ሲሆን፣ «ሌታን» ደግሞ «ዘግይቶ» ከሚለው ቃል ወጥቶ ማዘግየት፣ ማገድ ማለት ነበር። ዘመናት ሲያልፉ አናባቢያቸው ተመሳሰለና አንድ ቃል ሆኑ፤ ሁለት ተቃራኒ ትርጉም የያዘ ቃል ደግሞ አይመችምና አንዱ ቀረ። የቀረው ግን ፈጽሞ አልሞተም። በቴኒስ ጨዋታ ማስጀመሪያው ምት ኳሱ መረቡን ነክቶ በትክክለኛው ቦታ ካረፈ ዳኛው «ሌት» ይላል፤ መታገዱን መናገሩ ነው። በእንግሊዝ ፓስፖርት የመጀመሪያ ገጽ ላይም ባለቤቱ «ያለ ሌት» እንዲያልፍ የሚጠይቅ ሐረግ አለ። እዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ዜግነት ወስዶ ፓስፖርቱን ሲከፍት የሚያገኘው ቃል ይኸው ነው።

«ፕሪቬንት» ዛሬ መከላከል ነው። ሥሩ የላቲኑ «ቀድሞ መምጣት» ነው፤ 1 ተሰሎንቄ 4፥15 ላይም ትርጉሙ ያ ነው፣ አማርኛው «አንቀድምም» እንዳለው። «ዋንት» ከኖርስ፣ ከጥንት ስካንዲኔቪያውያን ቋንቋ፣ «መጉደል፣ ማጣት» የመጣ ነው፤ መፈለግ የሚለው ትርጉም ከዚያ በኋላ የበቀለ ነው። መዝሙረ ዳዊት 23 ላይ «የሚያሳጣኝም የለም» የሚለውን እንግሊዝኛው በ«ዋንት» ሲገልጸው «አልፈልግም» ያለ የሚመስለው አንባቢ አለ፤ ይህ በጣም የሚያሳዝን ስሕተት ነው፣ ምክንያቱም ጥቅሱን ከአማርኛው የሚያውቀው ሰው ሊሳሳት አይገባውም ነበር። «ሳፈር» መሰቃየት ብቻ ሳይሆን መፍቀድ፣ መተው ነው፤ ማርቆስ 10፥14 ላይ ሕፃናቱን «ተዉ» የተባለው በዚህ ቃል ነው። ፊልጵስዩስ 4፥6 ላይ «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለው በ1611ዱ «ኬርፉል አትሁኑ» ይላል፤ «ኬር» ሐዘንና ጭንቀት ነበርና። «ኮንቨርሴሽን» አኗኗር ነው። «ሚት» ሥጋ ብቻ ሳይሆን ማናቸውም ምግብ ነው። «ኩዊክ» ሕያው ነው። «ካሪጅ» በሐዋርያት ሥራ 21፥15 ሠረገላ አይደለም፤ የተሸከሙት ጓዝ ነው። «ባይ ኤንድ ባይ» ዛሬ ቆይቶ ማለት ሲሆን በማርቆስ 6፥25 አሁኑኑ ማለት ነበር። ይህኛው የማንኛውም ቋንቋ ጠባይ ነው፤ «አሁን» ብሎ የሚያዘገይ ሰው ባለበት አገር ሁሉ የ«አሁን» ቃል ቀስ እያለ ወደ «ኋላ» ይንሸራተታል።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አይጠበቅም። አንድ ልማድ ይበቃል፦ ቃሉን ታውቀዋለህ፣ ዓረፍተ ነገሩ ግን ጎረበጠህ፤ ያኔ ጥርጣሬው በራስህ እውቀት ላይ ይሁን እንጂ በጽሑፉ ላይ አይሁን።

አፖስትሮፉ ሁልጊዜ እውነቱን አይናገርም

አፖስትሮፍ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይ ነው፤ ሥራውም የተዋጠ ድምፅ የነበረበትን ቦታ ማመልከት ነበር። «ኢት ኢዝ» ሲፈጥን የመጀመሪያው አናባቢ ይዋጥና «ቲዝ» ይሆናል፤ «ኢት ዋዝ» ደግሞ «ትዋዝ»። ዛሬ የምንጽፈው «ኢትስ» የሁለተኛውን አናባቢ የዋጠ ተቀናቃኝ ነው፤ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ አሸነፈ። የ«ቲዝ» አፖስትሮፍ ከቃሉ ፊት ስለሚገባ ዛሬ ኮምፒውተርና ስልክ ያበላሹታል፤ ከቃል ፊት የገባውን ምልክት የጥቅስ መክፈቻ አድርገው ወደ ቀኝ ይገለብጡታል። ትክክለኛው መዝጊያውን የሚመስለው፣ ሆዱ ወደ ግራ የተከፈተው ምልክት ነው። መፍትሔው ምልክቱን ሁለት ጊዜ ጽፎ የመጀመሪያውን ማጥፋት ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪዎቹ እንምጣ። «ዊል ናት» ሲያጥር «ዊልንት» መሆን ሲገባው ለምን «ዎንት» ሆነ? በመካከለኛው እንግሊዝኛ ግሡ «ዊል» እና «ዎል» የሚሉ ሁለት መልኮች ነበሩት። ያጠረው «ዎል ናት» ነው፤ መጀመሪያ «ዎናት»፣ ቀጥሎ «ዎንት» ሆነ። አዎንታዊው «ዊል»ን ሲመርጥ አሉታዊው «ዎል»ን ይዞ ቀረ። አፖስትሮፉ የሚያሳየው የ«ናት»ን አናባቢ መጥፋት ብቻ ነው፤ ስለ ጠፋው «ል» ምንም አይነግረንም።

«ኤም» የሚለው ከዚህ የባሰ አሳሳች ነው። ሁሉም ሰው «ዜም» ተቆርጦ የቀረ ይመስለዋል፤ አጻጻፉም ፊቱ ላይ አፖስትሮፍ ስላለ ይህን ያጠናክራል። እውነቱ ግን «ኤም» ከ«ዜም» ይቀድማል። በመካከለኛው እንግሊዝኛ «እነርሱን» የሚሉት በ«ሄም» ነበር፤ «ሃ»ው ተዋጠና «ኤም» ቀረ። «ዜይ»፣ «ዜም»፣ «ዜር» የኖርስ ቃላት ናቸው፤ ከዴንማርክና ከኖርዌይ መጥተው በሰሜንና በምሥራቅ እንግሊዝ ከሰፈሩት ሰዎች ጋር ገብተው ቀስ በቀስ ወደ ደቡብ ወረዱ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በለንደን ይጽፍ የነበረው ገጣሚ ጄፍሪ ቾሰር ባለቤቱን «ዜይ» ብሎ ተሳቢውን «ሄም» ይላል፤ ለውጡ ገና በመንገድ ላይ እያለ መያዙ ነው። ቋንቋ ተውላጠ ስምን ከባዕድ መዋሱ እምብዛም የማይታይ ነገር ስለሆነ ይህ በእንግሊዝኛ ታሪክ ውስጥ ከሚያስደንቁ ነጥቦች አንዱ ነው።

«ኤይንት»ን መምህራን እንደ ነውር ያዩታል። መንገዱ እንዲህ ነው፦ «አም ናት» ሲያጥር «አምንት» ሆነ፤ «ም» እና «ን» ተከታትለው ለአፍ ስለሚከብዱ «ም» ወደቀና «አንት» ቀረ፤ ከዚያ አናባቢው ተለወጠና «ኤይንት» ተባለ። በደቡብ እንግሊዝ «ር» መጥራት ሲቀር «አር ናት»ም እዚያው «አንት» ላይ አረፈ፤ «ሃቭ ናት» እና «ሃዝ ናት»ም በሌላ በኩል መጥተው ተቀላቀሉ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታትሞ መታየት የጀመረው ይህ ቃል ለረጅም ጊዜ መኳንንቱም የሚናገሩት ነበር። ነውር የሆነው የሰዋስው መምህራን ካወገዙት በኋላ ነው። በ1961 የታተመው ትልቁ የዌብስተር መዝገበ ቃላት ቃሉን ሳያወግዝ ስለመዘገበው በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ከባድ ቁጣ ተነሣ። በአንጻሩ «አርንት አይ» የሚለው ጥያቄ በትምህርት ቤት ይፈቀዳል፣ «አይ አር» የሚል ሰው በሌለበት። ምክንያቱ ደግሞ ያው «አንት» ነው፤ «ር» በማይጠራበት አገር «አንት» እና «አርንት» አንድ ዓይነት ስለሚሰሙ አጻጻፉ ተዛወረ። በስኮትላንድና በአየርላንድ «አምንት» እስከ ዛሬ በሕይወት አለ፤ በአመክንዮ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው።

በአሕጽሮት መቆጣት አዲስ አይደለም። ደራሲው ጆናታን ስዊፍት በ1710 ታትለር በተባለው መጽሔት ላይ «ካንት»ን የመሳሰሉትን ቃላት የቋንቋ መበላሸት ምልክት አድርጎ አጥብቆ ነቅፏል።

አፖስትሮፍ ሳይታይባቸው የተዋጡም አሉ። «ሎርድ» መነሻው «ኽላፍዌርድ»፣ የዳቦ ጠባቂ ነው፤ መሀሉ እየሳሳ «ላቨርድ»፣ ቀጥሎ «ሎርድ» ሆነ። «ሌዲ» ደግሞ ዳቦ የምታቦካዋ ነበረች። «ጉድባይ» «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ከሚል ሙሉ ምርቃት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጨመቀ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ባይ» ውስጥ የተቀበረው ያ «ዪ» ነው። የቃል ድንበር ራሱ የተዛወረበት ጊዜም አለ፦ «ናፕሮን» የነበረው ሽርጥ «ኤ ናፕሮን» ሲባል «አን ኤፕሮን» ተብሎ ተሰማና «ን» ተሰረቀ፤ «ኢክኔም» የነበረው ደግሞ በተቃራኒው «ን» ወስዶ «ኒክኔም» ሆነ።

ዘዬ ውስጥ የቀረው

ከመዝገበ ቃላት «ጥንታዊ» የሚል ምልክት የተለጠፈበት ቃል በሆነ መንደር ውስጥ ዛሬ ጠዋት ተነግሮ ሊሆን ይችላል። በዮርክሻየር «ዛው» ወደ «ዛ» አጥሮ በሽማግሎች ዘንድ ይሰማል። «ናውት» እና «አውት» ምንም እና ማንኛውም ነገር ማለት ናቸው፤ ያለ አንዳች ማዛባት ከአንግሎ ሳክሶኖቹ «ናዊኽት» እና «አዊኽት» የወረዱ ናቸው። «ዘ» የሚለው መስተአምርም እዚያ ወደ አንዲት «ት» ይጨመቃል፤ ብዙ ጊዜም ድምፁ ጉሮሮ ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር የማያውቅ ጆሮ ጨርሶ የተተወ ይመስለዋል። ይህን መሰል ሀብት ለመሰብሰብ የሊድስ ዩኒቨርሲቲው ሃሮልድ ኦርተን የመራው ጥናት ከ1950 እስከ 1961 በ313 ቦታዎች፣ በአብዛኛው በገጠር፣ ያረጁ ሰዎችን ጠይቋል።

በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች «ኤ ሃንቲንግ» የሚል አነጋገር አለ። ያ «ኤ» የድሮው «ኦን» ቅሪት ነው፤ አደን ላይ መሆን ማለት ነበር። የቋንቋ ሊቁ ዎልት ዎልፍራም እንዳሳየው «ኤ»ው በፈለጉት ቦታ አይለጠፍም። ቃሉ እንደ ስም ሲያገለግል አይገባም፣ ከመስተዋድድ በኋላ አይገባም፣ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ጠንከር ተደርጎ የማይጠራ ከሆነም አይገባም። ተናጋሪዎቹ ሕጉን ማንም ሳያስተምራቸው ይጠብቁታል። ይህ ማለት ግን የአፓላቺያ ሰዎች የ1600ዎቹን እንግሊዝኛ እንዳለ ይናገራሉ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚነገር ተረት ነው እንጂ እንደ ማንኛውም ሕያው ዘዬ ጥቂት አሮጌ፣ ብዙ አዲስ ነገር ይዟል።

«ዛው» ሲጠፋ እንግሊዝኛ «እናንተ»ን አጣ፤ ሕዝቡ ግን ያለሱ መኖር አልቻለም። በአሜሪካ ደቡብና በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ «ዩ ኦል» አጥሮ «ዮል» ሆነ፤ በፒትስበርግ «ዩ ዋንስ» አጥሮ «ዪንዝ»፤ በአየርላንድ «ዩዝ»። አትላንታ ወይም ዳላስ ያደገ ሐበሻ ልጅ ወላጆቹን በእንግሊዝኛ «ዮል» ሲላቸው ቋንቋ አበላሸ ማለት አይደለም። በአማርኛ ሲናገር ያለውን ልዩነት በእንግሊዝኛም ጠበቀ እንጂ። በጽሑፍ ሲሆን የ«ዮል» አፖስትሮፍ የሚገባው ከ«ዋይ» ቀጥሎ ነው፤ የተዋጡት ፊደላት እዚያ ነበሩና። ከ«ኤ» በኋላ ማስገባት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው።

ሥሩን መፈለግ

የሚበጀው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ የተጻፈበትን ዓመት ያዙ። ቀጥሎ መዝገበ ቃላቱ ትርጉሞችን በምን እንደሚደረድር እወቁ። ከ1884 እስከ 1928 በክፍል በክፍል ወጥቶ የተጠናቀቀው የኦክስፎርድ ትልቁ መዝገበ ቃላት የድሮውን ትርጉም አስቀድሞ፣ በእያንዳንዱ ሥር ዓመት የተጻፈበት ጥቅስ ይሰጣል። ሜሪያም ዌብስተርም የቆየውን ትርጉም ያስቀድማል። የተማሪ መዝገበ ቃላት ግን ዛሬ የተለመደውን ስለሚያስቀድሙ ለዚህ ሥራ አይሆኑም። በሜሪያም ዌብስተር «የሞተ» የሚል ምልክት ያለበት ቃል የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት ከታተመበት ከ1755 ወዲህ የተነገረበት ማስረጃ ያልተገኘለት ነው፤ «ጥንታዊ» የተባለው ደግሞ አልፎ አልፎ የሚታይ ነው። በሥርወ ቃል ማብራሪያ ውስጥ ኮከብ የተደረገበት ቃል የተጻፈ ማስረጃ የለውም፣ ከዘመድ ቋንቋዎች ተነጻጽሮ የተገመተ ነው። ለዘዬ ቃላት ጆሴፍ ራይት ከ1898 እስከ 1905 በ6 ቅጽ ያወጣውን የእንግሊዝኛ ዘዬዎች መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይቻላል። ራይት የዮርክሻየር ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ያደገና ማንበብ የተማረው ከ15 ዓመቱ ገደማ በኋላ የነበረ፣ በኋላ የኦክስፎርድ ፕሮፌሰር የሆነ ሰው ነው።

በመጨረሻ ቃሉን በፊደል እየቆረጠ የሚተረጉም ማብራሪያ ሲገጥማችሁ አትቀበሉት። «ኒውስ» የሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብና ደቡብ የመጀመሪያ ፊደላት ነው የሚለው በአማርኛ ገጾችም ሲዞር የሚታይ ነው። ቃሉ «አዲስ» የሚለው ቅጽል ብዙ ቁጥር ነው፤ በላቲንና በፈረንሳይኛ አምሳያ የተሠራ። «ፋሚሊ» «አባትና እናት እወዳችኋለሁ» የሚለው አሕጽሮት ነው መባሉም እንዲሁ ሐሰት ነው፤ ከላቲኑ «ፋሚሊያ» የመጣ ሲሆን እሱም «ፋሙሉስ»፣ አገልጋይ፣ ከሚለው የወጣ ነው። ከመጀመሪያ ፊደላት ቃል መሥራት ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት እጅግ ብርቅ ስለነበረ፣ ከ1900 በፊት ሲነገር ለቆየ ቃል እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያቀርብ ሰው ከዘመኑ የተጻፈ ማስረጃ እንዲያሳይ ይጠየቅ።